በአራተኛው መስመር ያለው አምፖል

ጥያቄ አውጪው ከታላቅ እህቱ ጋር ከተኳረፈ ዓመት አልፎታል። ኩርፊያው በደንብ የተያዘ ኩርፊያ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ያነሣቸዋል፣ ይወለውላቸዋል፣ መልሶ ቦታቸው ያስቀምጣቸዋል። አንዳቸውም አቧራ ነክቷቸው አያውቅም።

ሥራው ለማጠናቀቂያ ፈተና ምንባብ መጻፍና ከምንባቡ ጥያቄ ማውጣት ነው። የፈተናው ወቅት ሲደርስ እሱና መሰሎቹ አጥሩ ረጅም ወደሆነ ግቢ ይገባሉ፤ ስልካቸውን በር ላይ ያስረክባሉ፤ ወረቀቱ ታትሞ እስኪያልቅ ድረስ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም። ያን ጊዜ ተዘግቶበት ሳለ ነው እህቱ አባታቸውን ከገዛ ቤታቸው አንሥታ ወደ ራሷ ቤት የወሰደቻቸው። ሲወጣ ሁሉ ነገር አልቆ ደቅቆ ጠበቀው።

«መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ወደቁ» አለችው። «ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር አይችሉም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተዘግቶብህ ነበራ።»

«በዘበኛው በኩል መልእክት ይገባል። የአንዱ ጓደኛዬ ሚስት ስትወልድ ነግረውታል።»

እህቱ ዝም አለች። ጥያቄ አውጪው ዝምታ ሲያጋጥመው ባዶውን ቦታ ራሱ የመሙላት የሙያ ልማድ አለበት፤ ይህንንም ሞላው። አባቴን ለብቻዋ ልትይዝ ፈልጋ ነው፣ እኔ ባለሁበት ስለማይሆንላት የማልኖርበትን ቀን ጠብቃ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ የእህቱን ደጅ ረግጦ አያውቅም።

ከአባቱ ጋር እሁድ እሁድ በስልክ ይነጋገር ነበር። መንገዱ ጥሩ ነበር፤ አባቱን ያገኛል፣ እህቱን አያይም። ችግሩ የአባቱ ጆሮ ነው። ቀስ በቀስ ሲደክም ቆይቶ ባለፈው እሁድ ጭራሹን እምቢ አለ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ» አለ ጥያቄ አውጪው።

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ! ልጅዎ!»

አባቱ ትንሽ አዳመጡና ከስልኩ ዘወር ብለው «እንቺ፣ አንድ ሰውዬ ነው፤ የሚለው አይሰማኝም» አሉ። ቀጥሎ የመጣው የእህቱ ትንፋሽ ነበር። ዘጋው። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲያየው ዋለ። ወይ እዚያ ቤት መግባት አለበት፣ ወይ የአባቱን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ ሰምቷል። አባቱ የሰጡት ስም ደግሞ «አንድ ሰውዬ» ነበር።

«ሂድና እህትህን ጠይቃት» አለች ሚስቱ። «ስትጠይቅ የምትውል ሰው አይደለህ እንዴ?»

«እኔ የምጠይቀው መልሱን አውቄ ነው» አላት።

መሄዱንስ ሊሄድ ወስኗል። ግን እውነት ከእሱ ጋር መሆኗ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ይህን የሚያረጋግጥ አካል ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አለ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰበሰባል።

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነው። ማንኛውም ምንባብ ፈተና ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሦስት ገምጋሚዎች ፊት ይቀርባል። ገምጋሚዎቹ የመልሱን ቁልፍ ሳያዩ እንደ ተማሪ ይመልሳሉ፤ ለእያንዳንዱ መልስ ማስረጃ የሚሆነውን መስመር ይጠቅሳሉ። «መስመር ጥቀስ» የቤቱ ሰላምታ ነው ማለት ይቻላል፤ ሻይ የዘገየበት ሰው እንኳ መስመር ይጠየቃል። ጸሐፊው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ አፉን አይከፍትም። ምክንያቱም ፈተናው ቀን ተማሪው አጠገብ ቆሞ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ሊል አይችልም። ሦስቱም ከቁልፉ የተለየ መልስ ከሰጡ የሚወድቀው ቁልፉ ነው፤ ይግባኝ የለም። የጥያቄ አውጪው ቁልፍ ወድቆ አያውቅም። የሌሎች ሲወድቅ ግን ብዙ ጊዜ አይቷል፤ አዝኖላቸዋል፣ ብዙም አይደለም።

እናም ምንባቡን ጻፈው። እህቱን ዳቦ ጋጋሪ አደረጋት። ራሱን ሩቅ አገር የሚሠራ መንገድ ቀያሽ አደረገ፤ ሙያው ስለሚያምር ነው። አባቱን አባት አድርጎ ተዋቸው። ልጁ ሥራ ከሌለው በየሳምንቱ አባቱን እንደሚጎበኝ ጻፈ። አራተኛው መስመር ላይ «የበረንዳው አምፖል ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ ሽማግሌው ማታ ማታ ጨለማው ውስጥ ተቀምጠው የመንገደኛውን ኮቴ ያዳምጡ ነበር» የሚል አረፍተ ነገር አስገባ። ይህ ለውበት ነው። ስድስተኛው መስመር ላይ ሽማግሌው ወደቁ። የት እንደወደቁ አልጻፈም፤ መታጠቢያ ቤት ለምንባብ አይመችም። ከዚያ ልጅቷ መጥታ ወሰደቻቸው፣ «ያለ አንዳች ርኅራኄም የቤቱን በር ዘጋችው»። ፍርደ ገምድል እንዳይባል አባቱ በስልክ የነገሩትን መልካም መልካሙንም ጨመረበት፤ መስኮት ያለውን ክፍሏን እንደለቀቀችላቸው፣ ሾርባቸውን አብርዳ እንደምትሰጣቸው፣ ጥፍራቸውን እንደምትቆርጥላቸው። በዚህ ሚዛናዊነቱ ራሱን አደነቀ።

ማክሰኞ ደረሰ። የግምገማው ክፍል መስኮቱ የማይከፈት፣ የጠረጴዛው አንድ እግር በድሮ የፈተና ወረቀት የተደገፈ ክፍል ነው። ሊቀመንበሯ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ለአንድ ሰው ሲናገሩም ለሰልፍ የሚናገሩ ይመስላሉ። ከጎናቸው ባልደረቦቹ «መነጽሩ» የሚሉት አንጋፋ ተቀምጧል፤ መነጽሩ ሁልጊዜ ግንባሩ ላይ ነው፣ ሁልጊዜም ይፈልገዋል። ሦስተኛዋ ዘንድሮ የተቀጠረች ናት፤ ገና ስም ስላልወጣላት «አዲሷ» ትባላለች። ጥያቄ አውጪው ጫፉ ላይ ተቀምጦ እጁን አጣጠፈ። ልቡ ሞልቷል።

«አንደኛ» አሉ ሊቀመንበሯ። «ታሪኩ የተተረከው ከማን ዕይታ አንጻር ነው?»

ቁልፉ «ከገለልተኛ ተራኪ» ይላል።

«ከወንድምየው» አለ መነጽሩ።

«ከወንድምየው» አለች አዲሷ።

«እኔም ወንድምየው ብያለሁ። መስመር ጥቀሱ።»

«አሥራ አንድ» አለ መነጽሩ። «‹ያለ አንዳች ርኅራኄ በሩን ዘጋችው› ይላል። በር እንዴት ነው በርኅራኄ የሚዘጋው? ይህን የሚለው የተቀየመ ሰው ነው። ደግሞ ወንድምየው ያኔ ሩቅ አገር ነበር። ሳያይ ነው የሚያወራው።»

የጥያቄ አውጪው ጆሮ መጋል ጀመረ።

«ሁለተኛ። የልጅቷን ባሕርይ የሚገልጸው የቱ ነው?»

ቁልፉ ሐ ነው፤ ራስ ወዳድ።

ሦስቱም ለ አሉ፤ ተንከባካቢ። መስመር ሲጠቀስ ሾርባው መጣ፣ ጥፍሩ መጣ፣ ባለ መስኮቱ ክፍል መጣ። ለሚዛን ብሎ ያስገባቸው ሁሉ አንድ በአንድ ተነሥተው መሰከሩበት።

«ሐ ላይ ያለው ‹ራስ ወዳድ› ግን ጥሩ ማሳሳቻ ነው» አለ መነጽሩ በአድናቆት። «ሰነፍ ተማሪ እሱ ላይ ይወድቃል።»

ሊቀመንበሯ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥያቄ አውጪው በዚህ ሙያ ሲመሰገን ያፈረበት ቀን ያ ነው።

«የመጨረሻው። የጸሐፊው ዓላማ ምንድን ነው?» ሊቀመንበሯ ምርጫዎቹን አነበቡ። «ሀ፣ ስለ አረጋውያን አያያዝ መረጃ ለመስጠት። ለ፣ አንባቢን ለማዝናናት። ሐ፣ ስግብግብነት የቤተሰብን ፍቅር እንዴት እንደሚያፈርስ ለማሳየት። መ፣ ስለ ዳቦ ጋገራ ሥራ ለማስረዳት።» ወረቀቱን አስቀመጡት። «እኔ መልስ አላገኘሁም።»

«እኔም» አለ መነጽሩ። «ይህ ሰው ሴትዮዋን አኩርፏታል። ዓላማው እኛን ማስፈረድ ነው። እሱ ግን ምርጫ ውስጥ የለም።»

ጥያቄ አውጪው ተነሥቶ ለመውጣት እንኳ ሥርዓቱ አይፈቅድለትም።

«አምፖሉስ?» አለች አዲሷ።

«የቱ አምፖል?»

«አራተኛው መስመር ላይ ያለው። ሁለተኛው መስመር ላይ ልጁ በየሳምንቱ ይመጣል ተብሏል። በየሳምንቱ የሚመጣ ልጅ እያለ የበረንዳው አምፖል ለምን ሰነበተ?»

«ለጌጥ ነው የገባው» አለ መነጽሩ ግንባሩን እየዳበሰ።

«ምንባብ ውስጥ ለጌጥ የሚገባ ነገር የለም፤ ወይ ጥያቄ ይውጣበት ወይ ይውጣ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ደግሞ ስድስተኛው መስመር ላይ ሽማግሌው ወደቁ ይላል፤ የት እንደወደቁ አይልም። እኔ ተማሪ ብሆን ሁለቱን አገናኛለሁ።»

ጥያቄ አውጪው አፉን ከፈተ። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አፉን ሲከፍት የመጀመሪያው ነው። ሊቀመንበሯ እርሳሳቸውን አነሡ። መልሶ ዘጋው። ትዝ ያለው የራሱ ድምፅ ነው። «አባባ፣ በርጩማ ላይ እንዳይወጡ፤ እሁድ እኔ እቀይረዋለሁ» ያለበት ድምፅ። እንዲህ ያለው አንድ እሁድ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ፈተናው ደረሰና ገባ።

«ይታረም» አሉ ሊቀመንበሯ። «ከልጅቷ ዕይታ እንደገና ይጻፍ። ሴትዮዋ ምን እንዳሰበች፣ ምን እንዳወቀች እዚህ ውስጥ የለም። ያንን አምጣልን። ይቻላል?»

ራሱን ነቀነቀ። መነቅነቅ ይፈቀዳል።

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ አባቱ ባዶ ቤት ሄደ። የቤቱ ቁልፍ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ነው፤ አባቱ ከወጡ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልተጠቀመበትም። የተቆጣ ሰው ባዶ ቤት ለመጎብኘት ጊዜ የለውም። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በረንዳው ላይ ደረቅ ቅጠል ተከምሯል። ቀና ብሎ አየ፤ የአምፖሉ ማቀፊያ ባዶውን ተንጠልጥሏል። የተቃጠለው አምፖል መስኮቱ ደፍ ላይ፣ እንዳይሰበር በመሐረብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አጠገቡ አዲሱ አለ፣ ከነካርቶኑ፣ አልተከፈተም። ከአበባው ማሰሮ ኋላ የወጥ ቤቱ በርጩማ በጎኑ ተጋድሟል፤ አንዱ እግሩ ከሥሩ ተገንጥሏል።

ሽማግሌው አሮጌውን ፈትተዋል። የወደቁት አዲሱን ለማንሣት ሲወርዱ ነው፣ ወይም ሊወጡ ሲሉ። ጥያቄ አውጪው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። የሥራ ሰው ነውና ሌላ መልስ ይኖር እንደሆነ ፈለገ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ሁሉንም ሞከረ። አልነበረም። አፈረ። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ እስኪበቃው አፈረና ካርቶኑን ኪሱ ከትቶ ተነሣ።

እህቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ የምትሠራውም ቤቷ ነው። በሩን የከፈተችለት በከንፈሯ የስፌት መርፌዎች እንደያዘች ነበር። አየችው። ዓመት ሙሉ ያልታየ ወንድም ሲመጣ ምን እንደሚባል አታውቅም ይሆናል፤ ብታውቅም መርፌው አያናግራትም። ገለል አለችለት፣ ገባ።

«ለሥራ ነው የመጣሁት» አላት።

ምንባቡን ሰጣት። እንደቆመች አነበበችው። እየቆየች በአፏ ጥግ ትናገራለች።

«ይቺ ዳቦ ጋጋሪ እኔ ነኝ?»

«ፈጠራ ነው።»

«የአባባ በር በኃይል ካልተገፋ አይዘጋም። አንተም በትከሻህ ነበር የምትዘጋው።»

«አውቃለሁ። እትዬ፣ አባባ የት ነው የወደቁት?»

«ነግሬህ የለ? መታጠቢያ ቤት።»

«መስመር ጥቀሺ።»

«ምን?»

ካርቶኑን ከኪሱ አውጥቶ የመጋረጃ ቀለበቶቹ መሃል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እህቱ አየችው። መርፌዎቹን ከአፏ አንድ በአንድ እያወጣች ትራስ ላይ ሰካቻቸው፤ አልቸኮለችም። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አባባ ናቸው ያስማሉኝ» አለች። «ደርሼ ሳነሣቸው ‹አመመኝ› አላሉም። ‹እሱ እንዳይሰማ› ነው ያሉት። ‹እኔ እቀይረዋለሁ ብሎኝ ነበር፤ ከሰማ ዕድሜ ልኩን ሲበላው ይኖራል። መታጠቢያ ቤት በዪው› አሉኝ። በዘበኛው መልእክት ብልክ ከግቢው እንደወጣህ በቀጥታ ወደ አባባ ቤት ሄደህ በረንዳውን ታየዋለህ። ታዲያ ምን ላድርግ? ዝም አልኩ።»

«ዓመት ሙሉ?»

«አንተስ ዓመት ሙሉ አኩርፈህ የለ? ደጄን ባትረግጥም ባታውቀው ይሻላል ብዬ ቻልኩት። አልተመቸኝም። አንዳንድ ቀን ደውዬ ላፈርጠው እልና አባባን ሳያቸው እተወዋለሁ።» ወረቀቱን በጣቷ ነካችው። «እዚህ ደግሞ ራስ ወዳድ ትለኛለህ። ሐ ላይ።»

«እሱ ማሳሳቻ ነው» አላት። «ሰነፍ የሚወድቅበት።»

ከዚህ የተሻለ ሊል ፈልጎ ነበር። ዓመት ሙሉ የወለወላቸው ምክንያቶች አንዳቸውም ለዚህ አይሆኑም። «ይቅር በይኝ፣ እትዬ» አለ በመጨረሻ። እህቱ አፍንጫዋን በመጋረጃ ጨርቅ ጠረገች፣ የደንበኛ ጨርቅ መሆኑን ስታይ ራሷን ሰደበች፣ ካርቶኑንም አንሥታ መልሳ ሰጠችው።

«ደብቀው። አላወቅህም። ተስማማን?»

«ተስማማን።» ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

አባታቸው ባለ መስኮቱ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ሲያዩ አልተገረሙም፣ ቢገረሙም አላሳዩም። «ምንድን ነው የያዛችሁት?» አሉ ወረቀቱን እያዩ።

«የሱ ሥራ ነው» አለች እህቱ ጆሯቸው ላይ። «ምንባብ!»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

ጥያቄ አውጪው ሊከለክል እጁን አነሣ፤ ግን አንዴ ለግምገማ የቀረበ ነገር አይመለስም፣ ጸሐፊም አይናገርም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና እጁን አጣጠፈ። እህቱ እየጮኸች አነበበች። አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ አምፖሉን ዘለለችው፤ በሩንም በዝግታ ዘጋችው። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አሰማቻቸው። አባታቸው አገጫቸውን ይዘው ያዳምጣሉ፣ ፈተና እንደተቀመጠ ሰው አይቸኩሉም።

«የመጨረሻው!» አለች። «የጸሐፊው ዓላማ ምንድን ነው?» አራቱንም ምርጫ ጮኸችላቸው፤ የዳቦ ጋገራውንም ሳይቀር።

«ሌላ የለውም?»

«የለውም አባባ!»

«እንግዲያው ፈተናው ተሳስቷል» አሉ። «ሰውየው መምጣት ፈልጎ መግቢያ ቸግሮት ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ማንም መስመር አልጠየቀም። ጥያቄ አውጪው ተነሥቶ ጎንበስ አለና አቀፋቸው። ሽማግሌው እጃቸውን በጀርባው አዙረው ለረጅም ጊዜ ያዙት። በመሃል ክንዳቸው የኮቱን ኪስ ነካ። የካርቶኑን ጥግ በጣታቸው ዳሰሱት፣ አንዴ፣ ከዚያ ደግመው። የገዙት እሳቸው ናቸው፤ መጠኑን ያውቁታል። እህቱ ወረቀቱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

አባታቸው ለቀቁትና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«እሁድ ትቀይረዋለህ» አሉ። «መሰላል ግን ይዘህ ሂድ። ያ በርጩማ አያስተማምንም።»

«እሺ፣ አባባ» አለ። እህቱ ጆሯቸው ላይ ደገመችላቸው።